ሳይጫወቱ ያዩትን ስለ መናፈቅ

ሰው ያልቀመሰውን ማዕድ ይናፍቃል ወይ? ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ ይመስላል። ነገር ግን ዛሬ ጐልማሳ ከሆኑት ከተሜዎች አንዳንዶቹ ስለ ልጅነታቸው የጨዋታ መኪና ሲያወጉ፥ ከጨዋታው ይልቅ አብልጠው የሚያነሡት፥ ማንም ሳይነካው መኪናው ለብቻው ያሳይ የነበረውን ትርኢት ነው፤ ስለዚህ ነገሩ መመርመር ይገባዋል።

ትርኢቱ የተፈጠረው ለንግድ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1970 ዓ.ም. በኋላ በአሜሪካና በጃፓን በየመዝናኛው ቤት የቆሙት መኪናዎች ሳንቲም ካልጐረሱ አይታዘዙም ነበር፤ ባለ ሳንቲም ሲጠፋ ግን ራሳቸው በራሳቸው እየተጫወቱ መንገደኛውን ይጠሩት ነበር። በ1980 የወጣው ፓክማን አራቱን ጠላቶቹን በየስማቸው ካስተዋወቀ በኋላ፥ ያ ቢጫ አፋም መጀመሪያ ሲሸሻቸው፥ ወዲያው ዞሮ ሲያሳድዳቸው ያሳያል። ሳንቲም በማይጠየቅበት የቤት መጫወቻም ልማዱ አልቀረም፤ በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ እጅ ሳይነካው ከቈየ፥ ጀግናው ብቻውን መሄድ ይጀምራል።

በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ልጅ እንዲህ ያለውን መጫወቻ ያወቀው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ በዚያም እየከፈሉ ይጫወታሉ። እንግዲህ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ገጠር ለትምህርት ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ነፋስ መውጫ መጥቶ፥ ስንቁ ከቤቱ እየተላከለት በኪራይ ቤት የሚኖር አንድ ልጅ ይታሰብ። በኪሱ ያለው ብር ለደብተርና ለጨው የተቈጠረ ነው። ስለዚህ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ተጫዋቾቹ ቦታ ሲለዋወጡ መቆጣጠሪያው ለጊዜው ባለቤት ያጣል፤ ያን ጊዜ የእግር ኳሱ መግቢያ ሥዕል ከነዘፈኑ እንደ ገና ይጀምራል። ባለ ገንዘቦቹ ዘወር ብለው እንኳ አያዩትም፤ ለእርሱ ግን የቀኑ ድርሻው ይህ ነው።

«ይህማ የነጋዴ ማጥመጃ ነው፤ ማጥመጃን መናፈቅ ምን ይሉታል?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። በታች ጋይንት በዓርብ ገበያ ማር ቀምሶ ሳይገዛ የሚሄድ ሰው ጥቂት ማፈሩ አይቀርም፤ ሻጩ ዐይን ለዐይን አይቶታልና። መኪናው ግን ማንን እንደ ጠራ አያውቅም፤ ስለዚህ ድኻውንም ባለጠጋውንም እኩል ጠራ። በጋይንት ቤተ ልሔም፥ በድጓ ትምህርቷ በታወቀችው ስፍራ፥ ከአዋቂዎቹ ዜማ አጠገብ ቆሞ የሚያዳምጠው ጀማሪ ተራው እንደሚደርሰው ያውቃል፤ ሲስትም የሚያርመው መምህር አለ። የደጃፉ ልጅ ተራ አልነበረውም፤ ሆኖም እንደ ተጋበዘ ይሰማው ነበር። የሚናፍቀው ያንን ግብዣ ይመስላል፤ ድኽነትንስ ማን ይናፍቃል!

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያ ልጅ አድጎ ደመወዝ በሚቀበልበት ጊዜ አሮጌውን ጨዋታ ገዝቶ ቤቱ ሊያስገባው ይችላል። መቆጣጠሪያውን የጨበጠ ሰው ግን ያንን ትርኢት አያየውም፤ ጣቱ አንዲት ቍልፍ በነካች ጊዜ ይቋረጣል። የዛሬዎቹ ጨዋታዎች አብዛኞቹ ደግሞ ልማዱን ትተውታል። ማየት ብቻ የሚሻ ሰው ሌላው ሲጫወት የተቀረጸውን በኢንተርኔት ይመለከታል፤ ነገር ግን በዚያ ወንበሩ ተይዟል። በአሮጌው ትርኢት ወንበሩ ባዶ ነበር።

ከሥራ የገባው ጐልማሳ ማታ ጨዋታውን ይከፍትና እጁን ያነሣል። ጥቂት ይቈያል። ሥዕሉ ከነዘፈኑ ብቻውን ሲጀምር፥ ቍልፉን ሳይነካ ያየዋል።