ሰማንያ በመቶ የደረሰ ጉድጓድ

በቆቦ ሜዳ የመስኖ ውኃ የሚጠብቅ ገበሬና የፕሮጀክቱን ሪፖርት የሚያጠናቅር ባለሙያ ሲገናኙ ክርክሩ አንድ ዓይነት ነው። ባለሙያው «ሥራው ሰማንያ በመቶ ደርሷል» ይላል። ገበሬው «ታዲያ ውኃው የታለ?» ይላል። አዳማጩም አንዳቸው ዋሽተዋል ብሎ ይፈርዳል፤ ብዙውን ጊዜ በባለሙያው ላይ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሁለቱም እውነታቸውን የሆነ እንደሆነ ነው። የውሸት ሪፖርት መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ሄዶ ማየት ነው። እያንዳንዱ መስመሩ እውነት ሆኖ ድምሩ የሚያሳስት ሪፖርትስ በምን ይታከማል?

የራያ ቆቦ ቆላ ዝናቡ የማይታመን፣ ከሥሩ ግን ውኃ የቋጠረ ምድር ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓድ እያስቆፈረ የጠብታና የርጭት መስኖ ሲዘረጋ የቆየውም ለዚህ ነው። አንድ ጉድጓድ ውኃ እስኪሰጥ ይቆፈራል፤ ቱቦ ይለብሳል፤ ፓምፕ ይገባለታል፤ ኤሌክትሪክ ይሳብለታል፤ እስከ ማሳው መስመር ይዘረጋለታል። በፕሮጀክት መከታተያ የመረጃ ቋት ላይ እነዚህ አምስቱ ንዑስ ተግባራት ናቸው። የጉድጓዱ አፈጻጸም ከእነሱ አማካይ ይወጣል፤ የቀበሌው ከጉድጓዶቹ፣ የወረዳው ከቀበሌዎቹ፣ እንዲህ እያለ እስከ ክልል ይወጣል። ማንም ቁጥር አይፈጥርም፤ ማሽኑ ራሱ ይደምራል፣ ራሱ ያካፍላል።

እያንዳንዳቸው አሥር ጉድጓድ ያላቸው ሁለት ቀበሌዎች እንውሰድ። በአንደኛው ቀበሌ በአሥሩም ላይ አራቱ ሥራዎች አልቀው ኤሌክትሪኩ ብቻ ቀርቷል። በሌላው ቀበሌ ስምንቱ ጉድጓዶች ሙሉ በሙሉ አልቀው ሁለቱ ገና አልተነኩም። በሁለቱም ቀበሌ ከሃምሳ ተግባር አርባው ተሠርቷል፤ በሁለቱም መዝገብ ላይ ሰማንያ በመቶ ተጽፏል። በአንዱ ግን ስምንት ማሳ ይጠጣል፣ በሌላው አንድም። ይህን ልዩነት ያጠፋው አማካይ ማውጣት በራሱ አይደለም። በጉድጓዶች መካከል አማካይ ማውጣት ትክክል ነው፤ አንዱ ጉድጓድ ሌላውን ሳይጠብቅ ውኃ ይሰጣልና። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ግን ክፍሎቹ ሁሉም ካልተሟሉ ምንም አይሰጡም። የሚደመሩ ነገሮች አሉ፣ የሚጠባበቁ ነገሮችም አሉ። ቋቱ ሁለቱንም እንደሚደመሩ ይቆጥራል።

ከቆቦ ውጭም ይኸው ነው። የታላቁ የኅዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 2003 ተጥሎ የተመረቀው ጳጉሜ 2017 ነው፤ ከአሥራ ሦስቱ ተርባይኖች አንዱ ግን የካቲት 2014 ላይ 375 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙን ይዞ ሥራ ጀምሯል። ግድቡ በተርባይን ተርባይን እያለ ይጠቅማል፤ እዚያ ላይ መደመር ያስኬዳል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሃራ ገበያ የተወጠነው የባቡር መስመር ግን ሌላ ነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ተብሎ ሲነገር እንኳ የኤሌክትሪክ ኃይል እየጠበቀ ዓመታት ያለ መደበኛ አገልግሎት ቆመ። ከሃራ ገበያ በራያ ሜዳ በኩል ወደ መቀሌ የተጀመረው ቅጥያ ቢያልቅ ኖሮም ለቆቦ ነጋዴ ያው ነበር፤ ከደቡብ የሚመጣለት ባቡር አይኖርም ነበር።

ለንዑስ ተግባራቱ የተለያየ ክብደት መስጠት ያድናል የሚሉ አሉ። ውጤት ተኮር ምዘና የለመደ መሥሪያ ቤት ሁሉ ክብደት ማደል ያውቅበታል። ግን ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከበጀት ይወሰዳል፤ ቁፋሮው ውድ ስለሆነ ትልቁን ድርሻ ይይዛል፣ በጣም ርካሹ ዕቃ ሁሉንም ሊያስቆም እንደሚችል ግን አያሳይም። ከዚህ አልፌ አልሄድበትም።

የሚያስቸግረኝ ተቃውሞ ከአንድ ወዳጄ የመጣ ነው። የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነው። «ስለዚህ ምን ልጻፍ?» አለኝ። «ኤሌክትሪክ እስኪገባ ዜሮ? ቆፋሪው በረሃ ላይ ወር ከርሞ ሥራውን ጨርሷል። ክፍያው በዜሮ ይሰላል?» መልሴ ፈጣን ነበር፦ ለቆፋሪው የሠራው ይከፈለው፤ እሱ ሌላ ዓምድ ነው። የተሠራው ሥራ ለከፋዩ፣ የደረሰው ውኃ ለገበሬው ይጻፍ።

«እሺ» አለ፣ «ሁለተኛው ዓምድ የሚሾም የሚሽር ሲሆንስ?» እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ያለቀ ጉድጓድ ብቻ የሚቆጠር ከሆነ ኃላፊው አቅሙን ሁሉ ከመብራት መስመር አጠገብ ባሉት ላይ ያፈሳል፤ ርቀው ያሉት፣ ምናልባትም በጣም የተጠሙት፣ ሳይነኩ ይቀራሉ። አማካዩ ያን ያህል ቢያሳስትም ሩቅ ጉድጓድ ላይ የተደረገን ጅምር ዋጋ ይሰጠዋል። ደግሞም ገና ውኃ ያልሰጠ ጉድጓድ ባዶ አይደለም፤ ሲቆፈር ውኃው ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ አሳይቷል፣ ለቀጣዩ ጉድጓድ ዕውቀት ነው። ዜሮ ብዬ ብጽፍ እኔም የሆነ ነገር ደብቄአለሁ።

ወዳጄ በዚህ አላቆመም። አንድ ታማኝ ባለሙያ በሥራው መሐል ትራንስፎርመር በዕቅዱ ውስጥ እንዳልተካተተ ደርሶበት አዲስ ንዑስ ተግባር ቢጨምር ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ይወርዳል። አለቃው «ምን ነካህ?» ይለዋል። የጎደለውን ያላየው ጎረቤቱ ግን ከፍ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሩን የሚያወርደው ስንፍና ብቻ አይደለም፣ ማስተዋልም ነው። ይህን የሚያስተካክል ቀመር አላገኘሁም፤ በሁለት ዓምድ ላይ ሦስተኛ ቢጨመርም የሚገኝ አይመስለኝም። እኔ ጉዳዩን ሳነሳ መቶኛ የሚባለውን ከነጭራሹ ማስወገድ ፈልጌ ነበር። አሁን የምጠይቀው ያነሰ ነው፦ እያንዳንዱ ድምር ከሥሩ ያሉት ክፍሎች የሚደመሩ ይሁኑ የሚጠባበቁ አጠገቡ ይጻፍበት።

የራያ ገበሬ ማሽላውን በመቶኛ አይናገርም። ሚያዝያ የተዘራው የጅጉርቲ ወይም የደጋሊት ዝርያ ቡቃያ ነው፣ አገዳ አወጣ፣ አበበ፣ እሸት ሆነ ይላል፤ የሚናገረው የደረሰበትን ደረጃ ነው እንጂ የደከመውን ድካም አይደለም። በ2013 መግቢያ የበረሃ አንበጣ ራያ ቆቦ ላይ ሲሰፍር ማረሱም፣ መዝራቱም፣ ማረሙም አልቆ አጨዳው ብቻ ነበር የቀረው። በአማካይ ቢሰላ ያ ማሳ ከፍተኛ ቁጥር ያገኝ ነበር። ሆኖም ማሽላው ለኔ አባባል ሙሉ ምስክር አይሆንም፤ ዝናቡ ቀድሞ ሲቋረጥና ማሽላው ሳያፈራ ሲቀር አገዳው ለከብት ይሆናል። ፍሬ ያጣ ማሳ ዜሮ አይደለም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቀመሩ አይደለም። በቋቱ ውስጥ እያንዳንዱ ንዑስ ተግባር አንድ ወላጅ፣ ማለትም የሚደመርበት አንድ ጉድጓድ፣ ብቻ ነው ያለው። ትራንስፎርመሩ ግን አምስት ጉድጓድ ሊያገለግል ይችላል፤ የሚተክለውም በሌላ በጀት፣ በሌላ መዝገብ የሚሠራ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። በ2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ደርሶ መብራቱ ሲቋረጥና የመስኖ ዕቃው ሲወድም፣ «ተጠናቋል» ተብለው የተዘጉ የመዝገብ መስመሮች ተመልሰው መከፈት ነበረባቸው፤ የትኛው መሥሪያ ቤት የትኛውን ይከፍታል? ወዳጄን ጠየቅሁት። «የኛ አይደለም ያልነውን ሁሉ ማን እንደሚጽፈው ንገረኝና ነገ ዓምዱን እጨምርልሃለሁ» አለኝ።