ለንጉሥ ጀርባ አይሰጥም

ልጆቼ፣ ዘንድሮ በሆሳዕና ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ካንጀቴ አልወጣም። ካህናቱ ወንጌሉን ይዘው ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞሩ፣ በየማዕዘኑ እየቆሙ ሲያነቡ፣ ከፊት የነበራችሁት ወጣቶች ጀርባችሁን ለወንጌሉ ሰጥታችሁ በስልካችሁ ራሳችሁን ታነሱ ነበር። ዘንባባው ግንባራችሁ ላይ አምሮ ታስሯል፤ ነጠላችሁ እንደ ወተት ነጭ ነው። ዲያቆኑ መንገድ ልቀቁ እያለ ይለምናል፣ እናንተ ጥላውና መስቀሉ ከኋላችሁ እንዲታይ «አንዴ ብቻ» ትሉታላችሁ። አንዲት አሮጊት መነኩሴ የሚሰግዱበት ስፍራ አጥተው፣ መቋሚያቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ማንም ዞር አላለላቸውም።

«ሽማግሌ ስልክ አይወድም» ብላችሁ እንዳታልፉት። ስልክማ እኔም አለኝ፤ በባዕድ አገር ያሉት ልጆቼ የሚያገኙኝ በእሱ ነው። ያንገበገበኝ ንጉሥ ሲያልፍ ጀርባ መሰጠቱ ነው።

ክርስቶስ ንጉሥ ነው ማለትን አፋችን ለምዶታል። መዝሙራችን ይለዋል፣ ለጥምቀት የምታሳትሙት ካናቴራ ይለዋል፣ የታክሲው መስታወት ሳይቀር ይለዋል። ይህን ነገር የሰማ ሰው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት መልስ አልሰጠም። ሰብአ ሰገል ከሩቅ መጥተው ሰገዱ። ሄሮድስ ደነገጠ፤ ደንግጦም የቤተ ልሔምን ሕፃናት አስፈጀ። ክፉ ሰው ነው። ይሁንና ነገሩ ከእኛ ይልቅ ለእሱ ገብቶት ነበር እላለሁ፤ ሌላ ንጉሥ ከመጣ የእኔ ወንበር መነቃነቁ አይቀርም ብሎ አሰበ። ዛሬ ከመካከላችን «ንጉሥ ከሆነማ የእኔ ፈቃድ ሊቀር ነው» ብሎ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ማን ነው?

ደግሞ እንጀራ የበሉት አሉ። ክርስቶስ በምድረ በዳ አብልቶ ሲያጠግባቸው ወዲያው ሊያነግሡት ተነሡ፤ እሱ ግን ጥሏቸው ብቻውን ወደ ተራራ ወጣ። ፈተና ሲደርስ ስለት ተስላችሁ ውጤቱ ሲመጣ የምትጠፉ፣ ይህ ታሪክ የእናንተ ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ከስቅለቱ በፊት የዘበቱበት ወታደሮች ነገር ነው። ቀይ ልብስ አለበሱት፣ የእሾህ አክሊል ደፉበት፣ በቀኝ እጁ መቃ አስያዙት፣ ተንበረከኩለት። ልብ በሉ፣ ከንጉሥ ሥርዓት የቀረ የለም። ልብሱ አለ፣ ዘውዱ አለ፣ በትሩ አለ፣ ስግደቱም አለ። ከተንበረከኩት መካከል ግን «ቢያዘኝ እታዘዛለሁ» ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ዘንባባችሁን፣ ካናቴራችሁን፣ በታቦቱ ፊት እየጠቀለላችሁ የምትዘረጉትን ቀይ ምንጣፍ ባየሁ ቁጥር እነዚያ ወታደሮች ትዝ ይሉኛል። ምንጣፉ አይከፋም፤ ላባችሁን እያንጠፈጠፋችሁ እንደምትሸከሙት አይቻለሁ፣ እግዚአብሔር ዋጋችሁን ይክፈላችሁ። ግን ምንጣፍ ለማንጠፍ ሽማግሌ እየገፈተራችሁ ከሆነ፣ የምታነጥፉት ለማን ነው?

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ዞሮ አይወጣም ነበር። ፊቱን ወደ መቅደሱ አድርጎ፣ አንድ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ እየዳበሰ፣ እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ የኋሊት ይሄዳል። እኔ ልጅ ሆኜ እንዳይደናቀፍ ጋቢውን ከኋላ ይዤ እመራዋለሁ። በጃንሆይ ዘመን ከንጉሥ ፊት የሚወጣ ሰው የኋሊት እያፈገፈገ ነበር የሚወጣው፤ አባቴ ግቢ የገባ ሰው አልነበረም፣ ደንቡን ግን ያውቃል። «ለምድሩ እንዲህ ከተደረገ» ይልና ሳይጨርሰው ይተወዋል። ጋቢው የዕጣን ሽታ ነበረው። አሁንም ሽታውን ሳስበው ዓይኔ ይሞላል።

የምድሩ ንጉሥ ምን እንደሆነም አይቻለሁ። በ1948 የወጣው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ ብሎ ጽፎ ነበር። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ መስከረም 2 ቀን 1967 በትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ወሰዷቸው። መንገድ ዳር «ሌባ» እያሉ የጮኹ ነበሩ። ከሰፈራችን አንድ ሰው ነበር፤ የጃንሆይ መኪና ባለፈ ቁጥር ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ይስም የነበረ። ያን ቀን ማታ ቤታችን መጥቶ «እኔም ጮኽኩ» ብሎ ፎከረ። አባቴ መልስ አልሰጠውም፤ ቡናም አላስቀዳለትም። ስለ ሥርዓቱ ደግነትና ክፋት አሁን አልከራከርም። እኔ የምለው ስለ ሰውየው ጉሮሮ ነው፤ እልል ያለውም «ሌባ» ያለውም ያው ጉሮሮ ነው። ኢየሩሳሌምም እሑድ ክርስቶስን በዘንባባ ተቀብላ እስከ ዓርብ አልጸናችም።

ስለዚህ ወደ ጀርባው ነገር ልመለስ። እናንተ «ልባችን አለ፣ ፊታችን የትም ቢዞር ምን አለበት» ትላላችሁ። አንዷ እንዲያውም በትሕትና እንዲህ ብላኛለች፤ ጨዋ ልጅ ናት። ልቧንስ እግዚአብሔር ይየው። ግን ልብ ካለ ሰውነትን ያዝዘዋል። አጼ ካሌብ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በናግራን ስለተፈጁት ክርስቲያኖች ባሕር ተሻግሮ ዘመተ፤ ድል አድርጎ ሲመለስ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ አክሱም አጠገብ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኮሰ ይላል ትውፊታችን። ዘውድ ያለው ሰው ዘውዱን ከሰጠ፣ እናንተ የሩብ ሰዓት ስልክ መስጠት አቃታችሁ?

ሌላም ብዙ አለኝ፤ አላበዛውም። ቅዳሴ ተጋምሶ መምጣት ይቅር። የመገለጫ ሥዕላችሁን መስቀል አድርጋችሁ ከሥሩ የሰው እናት መስደብ ይቅር።

ግን እጠይቃችኋለሁ፤ ከሆሳዕና ማግስት ጀምሮ የት ነበራችሁ? በሰሙነ ሕማማት መስቀል አይሳለሙም፣ እጅ አይጨባበጡም፤ የሚነሣ ፎቶግራፍ የለም፣ ስግደት ብቻ ነው። ሰኞ ግቢው ጭር ብሎ ነበር። እሑድ የተጋፋችሁበት ድንጋይ ላይ እኛ ሽማግሌዎች ጉልበታችን እየተንቋቋ ወደቅን ተነሣን። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ እልልታ ሳይሰማ፣ ምንጣፍ ሳያይ፣ ከጎኑ በሚደማው ሰው ላይ ንጉሥነቱን አይቶ መንግሥቱን ለመነ። እናንተ የቀራችሁት እሱ ባየበት ቀን ነው።

ለከርሞ ሆሳዕና ስልኩ ቤት ይዋል። መነኩሴዋ ቢመጡ ከፊት አቁሟቸው። ከሰኞ ጀምሮ ማታ ማታ እንኳ ኑ፤ ሥራ ያለው ከሥራ መልስ ይምጣ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ዋሉ። ሲመሽ ካህናቱ ወይራ ይዘው ይቆማሉ፤ ወረፋችሁን ጠብቁና ጎንበስ በሉ። ጠብጥበው ስግደት ያዝዟችኋል። አርባ አንድ ከተባላችሁ አርባ አንድ ስገዱ፤ አርባ ላይ ደክሞኝ ተቀመጥኩ የሚል ልጅ እኔ ዘንድ እንዳይመጣ።