የጌዴዎን ጥያቄ

በቤተሰባችን «ቶማስ» የምባለው እኔ ነኝ። ምርቃት አይደለም፤ ካላየሁ አላምን ባይ ማለታቸው ነው። ሥራዬ ሆቴሎችና ቢሮዎች ውስጥ ዋይፋይ መዘርጋት ስለሆነ ቅጽል ስሙ ከእንጀራዬ ጋር አይጣላም። ማስረጃ መጠየቅ የእምነት ጉድለት ነው የሚሉትን ግን አልቀበላቸውም።

ስልክዎ ፓስወርድ ካለው ዋይፋይ ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ይህ ነው። መጀመሪያ ራውተሩ በዘፈቀደ ያወጣውን ቁጥር ይልካል። ስልኩ የራሱን ቁጥር ያወጣና ሁለቱን ከፓስወርዱ ጋር ቀምሞ የዚያን ግንኙነት ቁልፍ ይሠራል፤ ቁጥሩንም በዚያ ቁልፍ አትሞ ይመልሳል። ራውተሩ ያንኑ ስሌት ሠርቶ ማኅተሙን ያመሳክራል። ፓስወርዱ ራሱ በአየር ላይ አንዴም አያልፍም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቀጥሎ የሚመጣው ሦስተኛው መልእክት ነው፤ አሁን ተራው የራውተሩ ሆኖ የራሱን ማኅተም ያሳያል። ማኅተሙ ካልገጠመ ስልኩ አይገባም። ጠያቂውም ይጠየቃል ማለት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ደብሊው ፒ ኤ 2 የተባለው የዋይፋይ ጥበቃ አሠራሩ እንዲህ ነው። (እንከን አያጣውም። ይህን ንግግር የቀዳ ሌባ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፓስወርዱን ሲገምት ሊያድር ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣው ደብሊው ፒ ኤ 3 ይህን ቀዳዳ ደፍኗል። «12345678» ይሁንልኝ የሚሉኝ ደንበኞች ግን ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ።)

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 6 ላይ ጌዴዎን የጠየቀውም ይህንኑ ማኅተም ነው። መልአኩ ሲጠራው፣ የምታናግረኝ አንተ ለመሆንህ ምልክት ስጠኝ አለ። ኋላም የበግ ጠጉር አውድማ ላይ ዘርግቶ፣ ጠጉሩ ብቻ ጤዛ ይረፍበት፣ መሬቱ ይድረቅ አለ፤ ሆነለት። በማግስቱ ገልብጦ ጠየቀ፤ ጠጉሩ ይድረቅ፣ መሬቱ ይርጠብ። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ጠጉርማ ጤዛ መያዙ ምን ይገርማል ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። እግዚአብሔር አልተቆጣውም፤ ሁለተኛውንም አደረገለት። ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን መባላቸውን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቶማስ እጁን እንዲያመጣ ተጋበዘ እንጂ አልተባረረም።

ማስረጃ ሁሉን ይፈታል ማለቴም አይደለም። ይስሐቅ ልጁ ወንድሙን መስሎ ሲመጣበት ድምፁን ጠርጥሮ እጁን ዳሰሰ፣ ልብሱን አሸተተ፤ የፍየል ቆዳና የወንድም ልብስ ግን አሳሳቱት። ራውተርም የሚያውቀው ምሥጢሩን የያዘውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ባለቤቱም ሆነ ፓስወርዱን ከአስተናጋጇ ጠይቆ የገባው መንገደኛ ለእሱ አንድ ናቸው። ማኅተሙ የሚያደርሰው እስከ በሩ ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለው የሰው ለሰው መተማመን ነው፤ ያንን የሚሠራልን ማሽን የለም።

በሩ ላይ አለመጠየቅ ግን የዋህነት እንጂ እምነት አይደለም። ፓስወርድ የሌለው የካፌ ዋይፋይ ማንነቱን የሚያሳይበት ማኅተም የለውም፤ ያለው ስም ብቻ ነው። ያንን ስም ደግሞ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው በራሱ ስልክ ላይ መጻፍ ይችላል። ብዙ ስልኮች አንዴ የገቡበትን ስም ሲያዩ ሳይጠይቁ ይገባሉ። ስለዚህ ዛሬውኑ ስልክዎን ከፍተው ያስቀመጣቸውን ፓስወርድ አልባ ዋይፋዮች ያጥፉ።