ዘግይቶ የሚነድ እሳት

ከካልጋሪ በስተሰሜን በምትገኘው በኤርድሪ የሚኖር አንድ የአገሬ ልጅ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 የተሠራች ቮልስ ገዛና፣ በረዶው ሲሟሟ «ጋሼ፣ ታይሚንጓን ያስተካክሉልኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ጠራኝ። በወጣትነቴ በአንድ የአዲስ አበባ ጋራዥ ስሠራ፣ የዚህችን መኪና ዘር እጄ እስኪለምደው ድረስ ፈትቼ ገጥሜአለሁ። ካቻቢቴውን ይዤ ሳጎነብስ ልጁ ጠየቀኝ፤ «እሳቱ ልኩን ከሳተ፣ ቢቀድም ይሻላል ወይስ ቢዘገይ?» የመካኒክ መልስ ሰጠሁት። ጥያቄው ግን ከጋራዡ ወጥቶ ተከተለኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ፒስተኑ የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ እያመቀ ወደ ላይ ይወጣል፤ ካንዴላው እሳት ይሰጣል፤ የነደደውም ጋዝ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ብዙ ሰው እሳቱ የሚሰጠው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ይመስለዋል። አይደለም። ነበልባሉ ድብልቁን በልቶ እስኪጨርስ የሰከንድ ጥቂት ሺኛ ያህል ጊዜ ይፈልጋልና፣ እሳቱ መሰጠት ያለበት ፒስተኑ ገና በመውጣት ላይ ሳለ ነው። በዚያች ባለ1500 ሞተር ቮልስ ልኩ ከጫፍ በፊት 7.5 ዲግሪ ነው። የፑሌጃው ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር ይገጠማል፤ ትንሽ አምፖል በቦቢናው ላይ ይቀጠላል፤ ዲስትሪቢውተሩ በእጅ ቀስ እየተባለ ይዞራል፤ ፑንቲናው ተከፍቶ አምፖሉ በበራበት ቦታ ላይ ይጠብቃል። ጊዜው ደረሰ ተብሎ ጫፍ ላይ የተጀመረ እሳት ዘግይቷል።

ያለ ልክ የቀደመ እሳት፣ ገና በመውጣት ላይ ያለውን ፒስተን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሲብስም ፒስተን ይበሳል። ማንኳኳቱን ግን መንገደኛም ይሰማዋል። የዘገየ እሳት ድምፅ የለውም። ሞተሩ ለስላሳ ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን ይደክማል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ እየነደደ የሚወጣው ጋዝም የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ባለቤቱ «ሞተሯ አርጅታለች» ይላል እንጂ «እሳቷ ዘግይቷል» አይልም።

በእኛም ዘንድ ፍርዱ እንዲሁ ይመስለኛል። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የጀመሩት ሙከራ በተነሣ ቁጥር «ያለ ጊዜው የተደረገ» ይባላል። ሊሆን ይችላል። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተረሸኑት ባለሥልጣናት ደም እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያሉትን 13 ዓመታት ግን ማን ይከሳቸዋል? የጢሰኛው ጉዳይ ከዓመት ወደ ዓመት ሲንከባለል፣ የወሎ ረኃብ ሲሸፋፈን፣ የሚያንኳኳ ነገር አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስ ተወሰዱ። (ቁጥሩ በልጁ መኪና ሰነድ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ቢለያይም ዓይኔ አልፎት መሄድ አልቻለም።)

ቋንቋችንም ለዘገየው ያደላል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንላለን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደምንልም አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን እዚያም የሚሳቅበት የጮኸው ነው። ጭራሽ ያልጮኸው ውሻ በተረቱ ውስጥ የለም።

ይህን የምጽፈው ስለ ሌሎች ብቻ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. በጋራዡ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «ከከተማ ልውጣ ወይስ ልቆይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አውቶቡስ ነበረ፤ የመሳፈሪያው ገንዘብም በኪሴ ነበረ። «አትቸኩል፣ ሁኔታውን እንይ» አልኩት። በሦስተኛው ሌሊት ከቤቱ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። አሂድ ብዬው መንገድ ላይ ቢያዝ ኖሮ ስሜ ከሞቱ ጋር ይነሣ ነበር። ቆይ ስላልኩት ግን ማንም ምንም አላለኝም። እናቱ እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ልጄን ትመክርልኝ ነበር» ብለው መረቁኝ።

«በዚያ አየር ማን ልኩን ያውቅ ነበር?» ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬአለሁ። አየር መለያየቱ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስትሆን፣ ኤርድሪ 1,100 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ ልክ የነበረ ታይሚንግ እዚህ ሊያንኳኳ ይችላል። ሞያዬ ግን ከዚህ ማጽናኛ ጋር አይስማማም፤ በሳሳ አየር ውስጥ ነበልባል ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ ሞተር የሚፈልገው ይበልጥ የቀደመ እሳት ነው።

አምፖሉ በራ፤ አጠበቅሁት። ልጁ ቁልፉን አዞረና ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮ ተመለሰ። «ለስላሳ ናት፣ ጋሼ» አለኝ ደስ ብሎት። አልመለስኩለትም፤ ከኋላ ዞሬ እጄን ወደ ማርሚታው አስጠጋሁ።