የተቀደሰን ስፍራ በአንድ ቀን ስለ መጐብኘት

የደሴት ገዳም ለማየት የሚሻ የሐዋሳ ሰው ወደ ሰሜን መጓዝ አለበት። በማለዳ ተነሥቶ፥ ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን አልፎ፥ 110 ኪሎ ሜትር ያኽል ከተጓዘ በኋላ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያም በሞተር ጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ተሻግሮ፥ ደብረ ጽዮን ማርያምን ተሳልሞ፥ ራቱን በቤቱ ሊበላ ይችላል። በመንገዱ ጉማሬ ብቅ ያለለት እንደ ኾነማ ጉዞው ከነምርቃቱ ተፈጸመለት ማለት ነው። ነገር ግን መንገዱ ይህን ያኽል ስለ ቀለለ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ለአንድ ቀን የመጣ እንግዳ ከተቀደሰ ስፍራ ምን ሊወስድ ይገባዋል የሚል ነው። ብዙ ሰው «የመጣሁት ለማየት ነው እንጂ ለመውሰድ አይደለም» ይላል። ማየትስ መውሰድ አይደለምን?

በደሴቱ የሚኖሩት የዛይ ሰዎች ከአበው ሰምተው እንደሚተርኩት፥ በ10ኛው መቶ ዓመት ዮዲት አክሱምን ባጠቃች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሹ፤ 70 ዓመት ያኽልም በዚያ እንደ ቈየች ይነገራል። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት ጊዜም ሌሎች ስደተኞች ወደ ደሴቶቹ እንደ ገቡ ይወሳል። ታሪኩን ሊቃውንት ይመርምሩት፤ ለዚህ ነገር የሚበቃው፥ ብራናውም ሃይማኖቱም የቈየው ውሃው እንደ ቅጥር ኾኖ ስለ ጠበቀው መኾኑ ነው። ከውሃ ዳር ተክል በታሰረ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው የሚሻገረው ጕዳይ ሲኖረው ነበር። ሞተሩ ግን ጕዳይ የሌለውንም ያሻግራል።

በህንድ አገር፥ በቢሃር፥ ፓዋፑሪ በምትባል ስፍራ፥ የሎተስ አበባ በሞላበት ኩሬ መካከል የቆመ የጃይን ሃይማኖት መቅደስ አለ። መምህራቸው ማሃቪራ በተከታዮቹ አቈጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ527 ዓመት ባረፈ ጊዜ፥ አስከሬኑ የተቃጠለው በዚያ ነው ይላሉ። የተሰበሰበው ሕዝብ አመዱን ለበረከት ወሰደ፤ አመዱ ባለቀ ጊዜ አፈሩን እየዛቀ ወሰደ፤ ስፍራው ጕድጓድ ኾነ፥ ውሃም ሞላበት፤ ኩሬው ይህ ነው ይባላል። እነዚህ ሰዎች ትንኝ እንኳ እንዳይጐዱ የሚጠነቀቁ ናቸው፤ ከቶ አጥፊዎች አይደሉም። እያንዳንዱ የወሰደው አንድ እፍኝ ብቻ ነበር።

የቱሉ ጉዶም እንግዳ የሚሻው አንድ እፍኝ ነው፤ አንድ ብራና ይገለጥልኝ፥ አንድ ፎቶግራፍ ላንሣ ነው የሚለው። ብራና ግን በተገለጠ ቍጥር ጠርዙ ይሳሳል፥ ስፌቱ ይላላል፥ የጣት ወዝም ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ጠባቂው «ዛሬ አይገለጥም» ያለ እንደ ኾነ እንግዳው ይቈጣል፤ ለጀልባው ስለ ከፈለ ለመጽሐፉም የከፈለ ይመስለዋል። ጀልባው የባለጀልባው ነው፤ መጽሐፉ ግን አደራ ነውና የጠባቂው እንኳ አይደለም። ስለዚህ ጠባቂው እንግዳን ለማስደሰት ብሎ ቢገልጠው የሰጠው የራሱን አይደለም፤ ቸርነት ሊባልም አይችልም።

«እንግዲያስ በሩ ይዘጋ» የሚል ቢኖር ደግሞ ይሳሳታል። ደሴቱ ስደተኛውን ባይቀበለው ኖሮ ዛሬ የሚጠበቅ ነገር ባልኖረም ነበር። የተደበቀም ኹሉ አይተርፍም፤ እሳትና ብል በዝግ ቤትም ይገባሉ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማንሣት ከተጀመረ ወዲህ እንደ ታየው፥ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የተገለጠ መጽሐፍ ለሩቅ አንባቢ ይዳረሳል፥ ዋናውም ያርፋል። እንግዲህ የእንግዳው ጠባይ የሚለየው ሲያሳዩት ሳይኾን «አይቻልም» ሲባል ነው። ለምእመን የሚመር ነገር ቢኾንም፥ በዛፍ ጥላ ሥር ጸጥ ብሎ የተቀመጠ የሌላ ሃይማኖት ሰው ከሚቸኵል ተሳላሚ ይልቅ ስፍራውን ሊያከብር ይችላል።

ከቀትር በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚበረታ ባለጀልባው እንግዶቹን ያስቸኵላል። በደሴቱ የሚቈዩት ኹለት ሰዓት ያኽል ነው፤ እኩሌታውን መጽሐፍ ይገለጥልኝ እያለ ሲከራከር ያሳለፈ ሰው፥ ያን ኹሉ ዘመን የጠበቁት ሰዎች ምን ቋንቋ እንደሚናገሩ እንኳ ሳይጠይቅ ወደ ጀልባው ይወርዳል።