ዘኬዎስ ከማን ኪስ ከፈለ?



የዘኬዎስ ታሪክ (ሉቃ. 19፥1-10) በቁምስናዎቻችን ሲነበብ ስብከታችን አብዛኛውን ጊዜ ከሾላው ዛፍ ላይ ይቀራል። ቁመቱ ማጠሩን፥ ሮጦ መውጣቱን እንናገራለን፤ ልጆችም ይወዱታል። ዛሬ ግን ከዛፉ ወርደን ወደ ቤቱ እንግባ፤ በጌታ ፊት ቆሞ የገባውን ቃል እናስብ። ይህ የቀራጮች አለቃ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ የተነሣው ከገዛ ገንዘቡ ነው። የኢያሪኮ ሕዝብ አዋጥቶ ካሣውን ይክፈልልኝ አላለም።

ይህን የምናነሣው በበለጸጉት አገሮች የሚታይ አንድ አሠራር ስላሳሰበን ነው። ድንጋይ ከሰል፥ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ የሚወጣው የካርቦን ጋዝ ምድርን እንደሚያሞቅ ሁላችንም ሰምተናል። ይህን ጋዝ ከፋብሪካ ጭስ ለይቶ፥ ጨምቆ፥ በቧንቧ ወስዶ ከምድር በታች ባለ ዓለት ውስጥ መቅበር ይቻላል። ሃይድሮጅን ከተፈጥሮ ጋዝ የሚያመርቱ አንዳንዶችም እንዲሁ ያደርጋሉ፦ ጋዙ በከፍተኛ ሙቀት ከእንፋሎት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅኑ ይለያል፥ የካርቦኑን ጋዝ ይቀብሩታል። ወጪው ከባድ ስለሆነ መንግሥታት ከግብር ከፋዩ ገንዘብ ይደጉማሉ። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 ለዚህ ሥራ በ25 ዓመታት ውስጥ የሚከፈል እስከ 21.7 ቢሊዮን ፓውንድ መደበ። የአሜሪካ ሕግም ከ2022 ጀምሮ ከፋብሪካ ጭስ ተለይቶ ለተቀበረ ለእያንዳንዱ ቶን እስከ 85 ዶላር የግብር ቅናሽ ይሰጣል።

አንዱን ቀረብ ብለን እንመልከት። በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር፥ በኤድመንተን ከተማ አጠገብ፥ ክዌስት የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ጀመረ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት 745 ሚሊዮን፥ የፌዴራሉ መንግሥት 120 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር መደቡለት። በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ቶን ያህል ጋዝ በሁለት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ይቀብራል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሃይድሮጅኑ ለምን ይውላል? ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ የሚገኘውን ወፍራም ሬንጅ አቅጥኖ ነዳጅ ለማድረግ ነው። ያ ነዳጅ በመኪና ሲቃጠል የሚወጣውን ጭስ የሚይዝ ማንም የለም።

ከዚህም የሚከፋ አለ። በአሜሪካ እስከ አሁን ከተያዘው ካርቦን አብዛኛው የገባው ወደ አሮጌ የነዳጅ ጉድጓድ ነው፤ የቀረውን ዘይት ገፍቶ እንዲያወጣ። ለዚህ የሚሰጠው ቅናሽ 60 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ግን ለአዳዲስ ተቋማት ከሌላው ጋር እኩል አደረገው።

መምህራን ሆይ፥ ስለ ምሥጢረ ንስሐ ለልጆች የምታስተምሩትን አስቡ። መጸጸት፥ መናዘዝና ካሣ አሉ፤ ጸጸቱም ዳግመኛ ላለመበደል ቁርጥ አሳብ ማድረግን ይጨምራል። ቁርጥ አሳቡ የሌለው፥ ካሣውን ብቻ፥ ያውም በሌላ ሰው ገንዘብ የሚከፍል ተነሳሒ ቢመጣ ካህኑ ምን ይለዋል? የተበደለውስ ማን ነው? እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ አምስት ወቅት ቀርቶ፥ የምድር ሙቀት ባባሰው ድርቅ ከብቶቹ ያለቁበት የቦረና አርብቶ አደር ወደ ሰማይ የላከው ጭስ እጅግ ጥቂት ነው። ዘኬዎስ የመለሰው ለተበደለው ነው፤ ይህ ድጎማ የሚደርሰው ለበዳዩ ነው።

መሣሪያውን አንኰንንም። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ካርቦኑ ከድንጋዩ ከራሱ ይወጣል፤ ማገዶውን መለወጥ ብቻውን አያድንም። በኖርዌይ የብሬቪክ ሲሚንቶ ፋብሪካ በመንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2025 በዓመት 400,000 ቶን የሚይዝ ተቋም መክፈቱን በዚህ ዓይን እናየዋለን። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንችስኮስም እ.ኤ.አ. በ2023 ላውዳቴ ዴዉም በተሰኘው ሐዋርያዊ ምክራቸው ይህ ጥበብ ተስፋ እንዳለው ሳይክዱ፥ ከላይ እየጠገንን ከሥር የሚቀጥለውን ጥፋት እንዳንዘነጋ አሳስበዋል።

አንድ ብልህ ተማሪ፥ «ጌታ ዘኬዎስን ሥራህን ተው አላለውም» ይላችሁ ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ሉቃስ ቀራጭነቱን ስለ መተዉ አልጻፈም። ነገር ግን በዚያው ወንጌል፥ በምዕራፍ 3፥ ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው በጠየቁት ጊዜ ከተወሰነላቸው በላይ እንዳይሰበስቡ ነግሯቸዋል፤ ወሰን አበጀላቸው። ባነሣነው የአሜሪካ ሕግ ውስጥ ቅናሹን የሚቀበል ኩባንያ የነዳጅ ምርቱን እንዲቀንስ የሚያስገድድ ቃል የለም።