በሄሮድስ መሳቅና በራሔል መሳቅ

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ከምዕራቡ ዓለም አንድ ዓይነት ፊልም ይጎርፋል። የገና አባትን ቀይ ካባ ያጠለቀ ነፍሰ ገዳይ፣ ነፍስ ዘርቶ ሰው የሚያሳድድ የበረዶ ምስል፣ ሕፃናትን በጆንያ ጠቅልሎ የሚወስድ ባለ ቀንድ አውሬ፤ ጥቂት ገንዘብ፣ ስም ያላወጡ ተዋንያን፣ አንድ ቤትና አንድ ሌሊት። ዓላማው ተመልካቹን እያስፈራ ማሳቅ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ ከዓባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለችው የሙዝ አገር በላንቴ፣ የበረዶ ሰው የሚሠራበት ክረምት የለም፤ የእጅ ስልክ ግን አለ፤ እርሱ ባለበት ደግሞ ፊልሙም ይደርሳል። የአውሮፓውያኑ ገና በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ገደማ ስለሚውል፣ ፊልሞቹ በብዛት የሚመጡት ጾመ ነቢያት ሳይፈታ፣ ልደት ሊከበር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ስለዚህ ነገሩ የሥነ ጥበብ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጌታ ተወለደ በሚባልበት ሰሞን በአጋንንትና በሞት መሳቅ ይገባል ወይ? የእኔ መልስ ሁለት ወገን አለው። ሳቁ ራሱ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ከልደት ታሪክ ጋር ዝምድና አለው። ጥፋቱ የሚጀምረው ፊልሙ በማን ላይ እንደሚያስቅ መጠየቁን ሲተው ነው።

የእነዚህ ፊልሞች ማራኪነት አንዱ ምንጭ ድህነታቸው ነው። ገንዘብ ላጠረው ፊልም ሠሪ ገና የተዘጋጀ መድረክ ነው፤ ባለ ቀለም አምፖሉ፣ ዛፉና የስጦታ ካርቶኑ በየቤቱ ይገኛል፤ የጥንቶቹ የገና መዝሙሮች የባለቤትነት መብታቸው ስላበቃ ዜማው ያለ ክፍያ ይሰማል፤ የሌሊቱ ጨለማ የጭራቁን ስፌት ይሸፍናል። በዓሉ በየዓመቱ ስለሚመለስ ፊልሙም በየዓመቱ ገበያ ያገኛል። ማይክል ኩኒ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራው «ጃክ ፍሮስት» ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ነፍሰ ገዳይ እስረኛ በመንገድ ላይ በደረሰ የመኪና ግጭት ከምርምር ኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ የበረዶ ሰው ይሆናል፤ በረዶው ግን በረዶ አለመሆኑን ሕፃን ልጅ እንኳ ይለየዋል። ብዙ ሚሊዮን የፈሰሰበት ፊልም ተመልካቹን አስደንግጦ ሊያሸንፈው ይመጣል። ርካሹ ፊልም ይህ አቅም ስለሌለው፣ ሳይወድ በግድ የማስፈራሪያውን አሠራር ያጋልጣል። ተመልካቹ ሙዚቃው መቼ እንደሚጮኽ፣ በሩ መቼ እንደሚከፈት ቀድሞ ያውቃል፤ ማወቁም ያስቀዋል። ፍርሃት የሚሠራበትን ዘዴ ያየ ሰው ደግሞ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ከፍርሃቱ በላይ ይቆማል።

ሁለተኛው ምንጭ ጠለቅ ያለ ነው። ልደት ራሱ አስፈሪ ታሪክ በውስጡ ይዟል። የማቴዎስ ወንጌል ሁለተኛ ምዕራፍ የሰብአ ሰገልን ስጦታ ተርኮ ሳይጨርስ የሄሮድስን ሰይፍ ይመዝዛል፤ ከኮከቡ ብርሃን ቀጥሎ የሚሰማው ስለ ልጆችዋ መጽናናትን እንቢ ያለች የራሔል ልቅሶ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ከበዓሉ አታርቀውም፤ ልደት ታኅሣሥ 29 ተከብሮ ከአራት ቀን በኋላ፣ ጥር 3፣ ስንክሳሩ ሄሮድስ ያስገደላቸውን የቤተ ልሔም ሕፃናት ያስባል፤ ቁጥራቸውንም 144,000 ያደርሰዋል። ይህን ልቅሶ የረሳው የገበያው ገና ነው። በሱቅ መስኮት የሚታየው ገና ጣፋጭ፣ ስጦታና ፈገግታ ብቻ ሆኗል። በአልፕስ ተራሮች ዙሪያ ያሉ ሕዝቦች ግን ከቅዱስ ኒቆላዎስ ጎን ባለ ቀንዱን ክራምፐስ ያቆሙ ነበር፤ ቻርልስ ዲከንስም እ.ኤ.አ. በ1843 ያሳተመው የታወቀው የገና ታሪክ የሙታን መናፍስት ታሪክ ነው። ርካሹ አስፈሪ ፊልም፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ገበያው ከበዓሉ ያባረረውን ጨለማ መልሶ ያስገባል። ብርሃን በጨለማ በራ የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው ጨለማው መኖሩን ላልካደ ሰው ነው።

ሳቁስ ከየት መጣ? እዚህ ላይ የራሳችን ባህል ምስክር ነው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ ሩሯ በምትመታበት ሜዳ አሽከር ከጌታው ጋር ይጋፋል፣ በሌላ ቀን የማይደፍረውን ቃል ይወረውራል። ጌታ በግርግም በተወለደበት ቀን የምድር ጌቶች ለጥቂት ሰዓት ከፍ ካለው ወንበራቸው ይወርዳሉ፤ ይህም ከበዓሉ መንፈስ ጋር ይስማማል። መጽሐፍ ቅዱስም ሐሰተኛ ኃይል ላይ መሳለቅን ያውቃል። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ የበኣልን ነቢያት አምላካችሁ ተኝቶ እንደሆነ ጮኻችሁ ቀስቅሱት እያለ አላግጦባቸዋል። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው አትናቴዎስ በጻፈው የአባ እንጦንስ ገድል ውስጥ ደግሞ፣ አጋንንት በአንበሳ፣ በእባብና በጊንጥ መልክ ተሰብስበው ሲመጡ፣ መነኩሴው ኃይል ቢኖራችሁ አንዳችሁ በበቃችሁ ነበር፣ መብዛታችሁ ድካማችሁን ያሳያል እያለ ይዘብትባቸዋል። የፊልሙ ጭራቅ ላይ መሳቅ ከዚህ መንገድ የራቀ አይደለም። ክፉው ኃይል የሚፈልገው መፈራትን ነው፤ የተሳቀበት ጭራቅ ግማሽ ጉልበቱን አጥቷል።

ከዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከታላቅ አንደበት የመጣ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል በተረጎመበት በስድስተኛው ድርሳኑ፣ ያውም ስለ ሰብአ ሰገል ኮከብ በሚናገርበት፣ ክርስቶስ ሲያለቅስ እንጂ ሲስቅ በወንጌል አልተጻፈም ይላል፤ ቲያትር ቤት የሚያዘወትሩትንም አጥብቆ ይገሥጻል። ይህን ቃል ይዞ በጾም ወራት እንዲህ ያለ ፊልም የሚያይን ወጣት መውቀስ ቀላል ነው። ሆኖም አፈወርቅ እዚያው ሳቅን ፈጽሞ ሊያጠፋ እንዳልተነሣ፣ የሚቃወመው የልቡናን መፍዘዝ መሆኑን ይገልጻል። ያሳሰበው በመድረክ ላይ ኃጢአት መታየቱ ብቻ አልነበረም፤ ኃጢአቱ እየተሳቀበት ከቀለለ የተመልካቹ ኅሊና ቀስ በቀስ እንዳይደነዝዝ ሠግቷል። ስለዚህ የአፈወርቅ ተግሣጽ ፊልሙን በሙሉ የሚዘጋ በር ከሚሆን ይልቅ ጥሩ መስፈሪያ ይሰጠናል፤ ከሳቁ በኋላ ኅሊና ነቅቷል ወይስ ደንዝዟል? የጾሙ ጉዳይ ግን ለብቻው የሚታይ ነው። በጾም ዐይንም ይጾማል የሚል ሰው ፊልሙን እስከ ልደት ቢያቆየው አንዳች አይጎድልበትም፤ ለጾም ያልተገባ ነገር ሁሉ ግን ለዘወትር የተከለከለ አይሆንም።

ሌላው ተቃውሞ የአገራችን ነው። ለአሜሪካዊው ተመልካች ጋኔን ተረት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ብዙ ሰው በርኩስ መንፈስ መኖር ያምናል፣ ከእርሱ ለመፈወስም ወደ ጸበልና ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳል፤ እውነት በሆነ ነገር እንዴት ይቀለዳል? ይህ ሥጋት ሥር አለው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተውን የፊልም ማሳያ ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ብሎት ነበር፤ የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ራሱ የርኩስ መንፈስ ሥራ መስሎታልና። ዛሬ ያው ካሜራ ስብከትና መዝሙር ይቀርጻል። ስለ መሣሪያው የነበረው ፍርሃት በጊዜ ቢወገድም፣ ስለ ይዘቱ የሚነሣው ጥያቄ ግን አሁንም በቦታው ነው። መልሴ ይህ ነው፤ በጋኔን መኖር አጥብቀው ያመኑት እነ እንጦንስ ናቸው በጋኔን የዘበቱት። በሚያምነው ሰው ዘንድ ዘበቱ ድፍረት ሳይሆን የእምነት ፍሬ ነበር። ነገር ግን በጋኔን መሳቅና ጋኔን ያዘው በተባለ ሰው መሳቅ አንድ አይደሉም። በጸበል ቦታ የሚጮኸው ሕመምተኛ የአንዲት እናት ልጅ ነው። ካሜራው ከጭራቁ ዞሮ ወደዚህ ሰው ካነጣጠረና ለማሳቂያ ካደረገው፣ ሳቁ ከሄሮድስ ወጥቶ ራሔል ላይ ወድቋል።

የእነዚህ ፊልሞች እውነተኛ ጉድለት እዚህ ይገለጣል። አርስቶትል በሥነ ግጥም መጽሐፉ አስቂኙን ነገር ሲበይን፣ መልኩ የተበላሸ ነገር ግን ሕመምና ጥፋት የሌለበት ይለዋል፤ የኮሜዲ ጭንብል ጠማማ ነው፣ አያምም። አስፈሪ ፊልም ደግሞ ያለ ሕመም አይሆንም። ሁለቱን ያጋባ ሰው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የሚገባው ሰዓት ይመጣበታል፤ ሰው ሲሞት ምን ሊያደርግ ነው? ስንፍና ያሸነፈው ፊልም ሕመሙን ሰርዞ ሞቱን ብቻ ያስቀራል። በ«ጃክ ፍሮስት» ውስጥ በመታጠቢያ ቤት በአንዲት ወጣት ላይ የሚፈጸመው ጥቃት እንደ ቀልድ ቀርቧል፤ ሳቁ የሚጠየቀው ከአጥቂው ጎን ተቁሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውና ነፍሰ ገዳዩን የገና አባት ልብስ ያለበሰው «ሳይለንት ናይት፣ ዴድሊ ናይት» ወላጆች በሲኒማ ቤት ደጅ ተቃውመውት አከፋፋዩ ሰበሰበው። እነዚያ ወላጆች የተቆጡት ለልብሱ ነበር፤ የተከበረ ምልክት ረከሰ ብለው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ግን ከልብሱ የሚበልጥ ጉዳይ አለበት። ትልቅ ክፍሉን ከመጀመሪያው ፊልም በተወሰዱ ትዕይንቶች ሞልቶታል፤ ቆሻሻ ሊጥል ከቤቱ የወጣን አንድ ጎረቤት በጥይት ሲገድል ገዳዩ የሚናገራት ቃል እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሳቅባታል። የሟቹን ስም የሚያነሣ የለም።

በጋሞ ምድር ይህን ጉድለት የሚያጎላ ነባር አስተሳሰብ አለ። ጎሜ የሚባለው ክልክል ሲጣስ በአጥፊው፣ በቤተሰቡ ወይም በአካባቢው ላይ መከራ ይመጣል ተብሎ ይታመናል። ወደ አዳዲስ የእምነት ቤቶች የገቡ ብዙዎች ይህን ትተውት ይሆናል፤ አስተሳሰቡ ግን ከአስፈሪ ፊልም ሥነ አመክንዮ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። በማይክል ዶኸርቲ የ2015 እ.ኤ.አ. ፊልም «ክራምፐስ» ውስጥ በበዓል ቀን የሚናቆር ቤተሰብ ፍቅርን ሲያረክስ አውሬው ይመጣል፤ መጣስ መከራን ይጠራል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሚሆነው ነው። ጎሜ በቅጣት አያበቃም፤ ጥፋቱ ይነገራል፣ የተበደለው ይካሳል፣ ሽማግሌዎች ባሉበት ዕርቅ ይወርዳል፣ ሕይወት ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። መስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ያስቆሟቸው በዚህ ሥርዓት ኃይል ነው። ርካሹ ፊልም የጎሜን ግማሽ ብቻ ያውቃል። ሥርዓት ፈርሶ ደም ይፈሳል፤ ዕርቅ ግን የለም፣ ሟች አይለቀስለትም፣ በመጨረሻው ምስል ጭራቁ ዐይኑን ገልጦ የሚቀጥለው ክፍል ይታወጃል። ሽማግሌ የሌለበት ጎሜ ማለት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ከሦስት ሳንቲም ፊልም መጠየቅ ይከብዳል፣ ጨዋታ ነው፣ ተዉት የሚል ይኖራል። የጨዋታውን መብት ቀድሜ ተቀብያለሁ፤ የገና ጨዋታ ራሱ ግን ሕግ አለው። ጌታው አይቆጣም ማለት የተጫዋቹ ራስ ይፈንከት ማለት አይደለም። ገንዘብ ማጣትም ምክንያት አይሆንም። የጆ ዳንቴ «ግሬምሊንስ» እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሠራ ከእነዚህ ሁሉ የሚሻል በጀት ነበረው፤ ይሁንና ከውስጡ የማይረሳው አንዱ ትዕይንት ምንም ወጪ አልጠየቀም። አንዲት ወጣት ቆማ ገናን ለምን እንደምትጠላ ትናገራለች፤ አባቷ የገና አባትን ልብስ ለብሶ ሊያስደስታቸው በጭስ ማውጫ ሲገባ እዚያው ሞቶ ከቀናት በኋላ ተገኘ። ታሪኩ ያስቃል፣ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም ለሟቹ የሚያለቅስ ሰው ፊልሙ ውስጥ አለ። አንድ ተዋናይትና ጥቂት ቃላት ይህን ካደረጉ፣ የቀሩት ፊልሞች ያጡት ገንዘብ ነው ለማለት ያስቸግራል። ያጡት ርኅራኄ ነው፤ ርኅራኄ ደግሞ በበጀት አይገዛም።

ስለዚህ ፍርዱ ለሁለቱም ወገን ይሰጥ። በልደት ሰሞን በጭራቅ የሚስቅን ወጣት ከሃዲ ማለት የኤልያስንና የእንጦንስን ሳቅ መርሳት ነው። ፊልሙ ተረት ስለሆነ ማንም አይጎዳም ማለት ደግሞ ጥር 3 ለምን እንደሚታሰብ መርሳት ነው። ዛሬ በአርባ ምንጭና በዙሪያዋ በእጅ ስልክ አጫጭር ድራማ የሚቀርጹ ወጣቶች አስፈሪ ኮሜዲ ለመሥራት ቢነሡ፣ የበረዶ ሰው መዋስ አያስፈልጋቸውም፤ ምድራቸው ክልክሉንም፣ ዕርቁንም፣ ሳቁንም አዘጋጅታ ትጠብቃቸዋለች። ጭራቁን እንደልባቸው ያዋርዱት፤ የእያንዳንዱ ሟች ስም ግን ይጠራ፣ የሚያለቅስለትም ሰው ይኑር። ይህን ያደረገ ፊልም፣ ስፌቱ ቢታይም እንኳ፣ በበዓሉ ላይ መቀመጫ ይገባዋል።